ስለ ቤተ ሰብ መኪና መታደስ፤ ከቦሪ የተጻፈ

በጃፓን አገር የሚገኘው ቶዮታ የተባለው የመኪና ፋብሪካ፣ ስሟ ከስድሳ ዓመት ያህል ጀምሮ እስከ ምድር ዳርቻ የተሰማውን ኮሮላን እንደገና መልኳንና ቁመናዋን ለውጦ ለማውጣት ማሰቡን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2025 ዓ.ም. በጥቅምት ማለቂያ በቶኪዮ በተከፈተው ትርኢት ላይ ባቆማት ናሙና አማካይነት ገልጧል። ናሙናዪቱ አፍንጫዋ ወደ መሬት የተደፋ፣ ወገቧ የሸነቀጠ፣ መብራቷ እንደ ተወጠረ ክር የቀጠነ፣ በጠቅላላው ከባልትና ይልቅ ለሙሽርነት የተሰናዳች የምትመስል ናት። እኔ ሥዕሏን ያየሁት በኬንያው ሞያሌ ወገን ባለችው በቦሪ፣ በአንድ ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ የባለቤቲቱ ልጅ ስልኩን አቀብሎኝ ነው። ልጁ ሥዕሉን በጣቱ እያሰፋና እያጠበበ ሲያሳየኝ ቆይቶ፣ ወደ ደጁ መንገድ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ተመለከተና፣ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ እኛ ሰፈር ከገባች ሆዷ እዚሁ ይቀራል» አለኝ። ስለ መኪና ንድፍ ከተጻፈው ሐተታ ሁሉ እንዲህ በአጭሩ ፍርድ የሰጠ እስካሁን አላነበብሁም።

መኪና አምራቾች ለሥራቸው ስም ሲያወጡ የሚያስቡትን ማወቅ ለተራ ሰው ያስቸግራል፤ የቶዮታ ሰዎች ግን በዚህ ነገር አንድ ሐሳብ ይዘው የጸኑ ይመስላሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1955 ያወጧትን ክራውን አሏት፤ በ1957 ያወጧትን ኮሮና፤ በ1966 የወጣችውን ኮሮላ፤ ከዚያም በኋላ የመጣችውን ካምሪ። አንዱ ከእንግሊዝኛ፣ ሁለቱ ከላቲን፣ አራተኛውም ከገዛ ቋንቋቸው የተወሰደ ሲሆን የሁሉም ፍች ወደ አንድ ነገር ይመጣል፤ ይኸውም አክሊል ነው። ኮሮላ ማለት ትንሿ አክሊል ናት። እንግዲህ በእኛ አገር አክሊል ቀድሞ ንጉሥ በነገሠበት፣ ዛሬም ሙሽሮች በተክሊል በሚጋቡበት ዕለት የሚደፋ ስለ ሆነ፣ አምስት ልጆችና ሁለት ጆንያ ጤፍ ተሸክማ አቀበት የምትወጣን መኪና በዚህ ስም መጥራት መጀመሪያ ሲሰሙት ፈገግ ያሰኛል። ብዙ ዓመት አብረዋት ከኖሩ በኋላ ግን ስሙ እንደማይበዛባት ይታወቃል።

የፊተኛዪቱን ኮሮላ የነደፈው መሐንዲስ ታትሱዎ ሐሴጋዋ፣ ከመኪና በፊት የአውሮፕላን ሥራ የተማረ ሰው ነበረ። እርሱ ቀደም ብሎ የሠራት ፑብሊካ የምትባል ትንሽ መኪና፣ ዋጋዋ ይርከስ ተብሎ ጌጧ ሁሉ ስለ ተገፈፈ፣ ሕዝቡ እንደታሰበው አልወደዳትም፤ ድኻ ሰው ድኽነቱን የሚያስታውሰውን ዕቃ በገንዘቡ ገዝቶ ደጁ ላይ ማቆም እንደማይሻ ሐሴጋዋ ከዚህ ተማረ። ስለዚህም ለኮሮላ ያወጣው ሕግ፣ መኪናዪቱ በሁሉም ነገር ከመቶ ሰማንያ ታግኝ፣ በአንዳንዱም ነገር ከሰማንያው በላይ ትለፍ የሚል ነበረ። ተወዳዳሪዋ የነበረችው የኒሳን ሳኒ ሞተር 1000 ሲሲ ያህል ሲሆን የኮሮላ 1100 ያህል እንዲሆን የተደረገው በዚሁ ሐሳብ ነው። እኔ ይህን የሰማንያ ሕግ ባሰብሁት መጠን እጅግ እየወደድሁት ሄጃለሁ፤ ምክንያቱም ሰማንያውን ማን ይፈትናል የሚለውን ጥያቄ ያስነሣል። ፈታኙ አዲሷን መኪና ከመደብር የሚያወጣት ሀብታም ከሆነ ውጤቱ አንድ ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ አምስተኛ ባለቤት ሆኖ የሚገዛት የቦሪ ሰው ከሆነ ግን ሌላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ኮሮላ እስከ 2018 ድረስ ዐሥራ ሁለት ትውልድ ተቆጥሮላታል፤ በ1997 ከቮልስዋገን ቢትል በልጣ በአንድ ስም ብዙ የተሸጠች የዓለም መኪና ሆነች፤ በ2021ም የተሸጠው ብዛት 50 ሚሊዮን ሞላ። ከእነዚህ ሁሉ መታደሶች ውስጥ አብዛኞቹ የመልክ ናቸው፤ የጠባይ ለውጥ የሚባለው በ1983 የሆነው ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሩ የኋላውን ጎማ መግፋቱን ትቶ የፊተኛውን መጎተት ጀመረ። ከወለሉ ሥር በመካከል ያልፍ የነበረው ረጅም ዘንግ ስለ ቀረ፣ በኋላ ወንበር በመካከል የሚቀመጠው ልጅ (በየቤቱ የታናሽየው ዕጣ ነው) እግሩን የሚያሳርፍበት አገኘ። በፋብሪካው ዘንድ ይህ ታላቅ የጥበብ ነገር ተብሎ ይነገር ይሆናል፤ ለእኔ ግን የዚያ ልጅ ጉልበት ይበልጥብኛል።

በኢትዮጵያ ግን ከ1983 በፊት የነበረችው፣ በ1979 የወጣችው ኮሮላ፣ ይኸውም እኛ ዲኤክስ የምንላት፣ በሰው ልብ ውስጥ የያዘችውን ስፍራ ከእርሷ በኋላ የመጣች አንዲትም ኮሮላ አልወሰደችባትም። ዲኤክስ ማለት በጀርባዋ ላይ ተለጥፎ የመጣ የደረጃ ምልክት ብቻ ነበረ፤ ሕዝቡ ግን የተጸውዖ ስም አደረገላት። ፋብሪካው ንድፏን ከረሳ አርባ ዓመት ሲያልፍ፣ በአዲስ አበባና በየክፍለ አገሩ ያሉ መካኒኮች በየጊዜው አድሰዋታል፤ ላሜራዋን ቀጥቅጠው፣ ካርቡራቶሯን ፈትተው፣ ከሌላ መኪና የተነቀለ መቀመጫ ገጥመው፣ ክሩስኮቷን በጨርቅ አልብሰው። በሞያሌ በኢትዮጵያ በኩል አንድ መካኒክ፣ የዲኤክስን ኮፈን ከፍቶ ሲያሳየኝ፣ እጁን በሞተሩና በግድግዳው መካከል እስከ ክርኑ አስገብቶ፣ «ይኸውልህ ጋሼ፣ እጅ የሚገባበት መኪና ነው መኪና» አለኝ። አዲሶቹን መኪኖች ሲከፍት ከላስቲክ ክዳን በቀር የሚያየው የለም፤ ክዳኑንም ቢያነሣ ቀጥሎ የሚጠብቀው፣ ኮምፒዩተር ካልተሰካበት ሕመሙን የማይናገር ሞተር ነው። ያረጀ መኪና የሚያስገባውን ሰው ቀረጥ እጅግ ከፍ ያደረገው፣ በእኛ አቆጣጠር የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከወጣ ወዲህም፣ ቀድሞ የገቡት አሮጌዎች ዋጋቸው ከመውደቅ ይልቅ ሲከበር አይቻለሁ።

ድንበሩን አልፎ ወደ ኬንያ የተሻገረ ሰው የዲኤክስን የልጅ ልጅ ያገኛል፤ ስሙም ፕሮቦክስ ነው። ፕሮቦክስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 የወጣው የኮሮላን የጭነት ዓይነት ተክቶ ስለ ሆነ፣ ዝምድናው በሐሜት ያልተፈጠረ፣ በቤቱ መዝገብ የተጻፈ ነው። ስሙም ባለሙያና ሳጥን ከሚሉት ሁለት ቃላት የተጋጠመ ሲሆን፣ መልኩን ያየ ሰው ሳጥን የሚለውን ያለ ክርክር ይቀበላል። በጃፓን የተሠራው ከሱቅ ወደ ሱቅ ለሚዞር ሻጭ ነበረ፤ በሰሜን ኬንያ ግን ሙሉ ቤተ ሰብ፣ የቤት ዕቃ፣ ጫትና ፍየል የሚሸከም፣ ለታመመ ሰው አምቡላንስ፣ ለሙሽራም ሠረገላ የሚሆን መኪና ሆኗል። ኬንያ ከስምንት ዓመት ያለፈውን መኪና ከውጭ ስለማታስገባ፣ ጃፓናዊው ሻጭ የጣለው ፕሮቦክስ ገና ሳያረጅ ይመጣል፤ ሁለተኛው ዕድሜውም ከፊተኛው ይልቅ ረጅምና መራራ ነው።

ይህ መኪና ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል መልኩ ሳይነካ ከቆየ በኋላ በ2014 ታደሰ፤ ስለ መታደሱም ነው ከሁሉ አብልጬ መናገር የምሻው። መሐንዲሶቹ ስለ አፍንጫውና ስለ ወገቡ ብዙ አልተጨነቁም፤ ሻጮቹ ቀኑን ሙሉ በመኪናው ውስጥ ተቀምጠው ምን እንደሚያደርጉ አጠኑና፣ ከክሩስኮቱ ተስቦ የሚወጣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ስልክ የሚቆምበት ማስቀመጫ፣ እንዲሁም አንድ ሊትር የሚይዝ የካርቶን ወተት በልኩ የሚገባበት አራት ማዕዘን መያዣ ሠሩለት። በጃፓን ያለው ሻጭ ምሳውን በመኪናው ውስጥ ስለሚበላ ነው። በቦሪ በተሳፈርሁበት ፕሮቦክስ ውስጥ ያንን የወተት መያዣ ፈልጌ አየሁት፤ አንድ ሊትር የግመል ወተት የያዘ የላስቲክ ዕቃ ልኩን አግኝቶ ቁጭ ብሎበታል፤ በጠረጴዛው ላይ ደግሞ በጎማ ቀለበት የታሰረ የሽልንግ ጥቅልና የተሳፋሪዎች ስም የተጻፈበት ደብተር አለ። የጠቢብ ሥራ ይህ ነው አልሁ በልቤ። የአንዱን ሰው ጉዳይ እስከ መጨረሻው በትክክል ያሰበ፣ ፈጽሞ ያላየውንና የማያውቀውን የሌላውን ሰው ጉዳይ ሳያውቀው ፈጸመለት፤ ማንንም ሳያስብ ለዓይን ብቻ የሠራ ግን ለቶኪዮም ለቦሪም አይሆንም።

ነገር ግን የቦሪ ሰዎችም መኪናውን እንደ መጣ አልተዉትም። ከኋላ ያለውን ሞላ አውጥተው ወፍራሙን ይገጥሙለታል፤ ከመሬት ከፍ እንዲል ከሞላው ላይ ላስቲክ ይጨምሩበታል፤ ከሞተሩ ሥር ድንጋይ የሚመልስ ላሜራ ይበይዱለታል፤ በጣሪያው ላይ ፖርቶ መጋላ ያስሩለታል። እኔ የሄድሁበት ቀን ሾፌሩን ጨምሮ ዘጠኝ ነበርን፤ አንዲት አሮጊት በፊተኛው ወንበር ከእኔ ጋር ተጋርተው ተቀምጠው፣ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር በቦረንኛ ሾፌሩን ይገሥጹታል፤ ሾፌሩም አንገቱን ዝቅ አድርጎ እንደ ልጅ «እሺ» ይላል። መኪናው ግን አልተነካም። ከኬንያዪቱ ከተማ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ፣ ቀድሞ ሽፍታ ተፈርቶ በአጀብ ይሄድ የነበረው የጭነት መኪና ሁሉ እየበረረ ሲያልፍ ይታያል፤ ከአስፋልቱ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ወጣ ሲባል ግን፣ ያው አሸዋ፣ ያው ድንጋይ፣ ያው የደረቀ ወንዝ ነው።

በሞያሌ ድንበር ላይ ቆሞ የሚመለከት ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። የኢትዮጵያ መኪና መሪው በግራ ሆኖ በመንገዱ ቀኝ ይሄዳል፤ የኬንያው መሪው በቀኝ ሆኖ በመንገዱ ግራ፤ ስለዚህ ድንበሩን ተሻግሮ የሚያልፍ ሾፌር ወገኑን መለወጥ አለበት። ነገሩ ግን ከጥንት እንዲህ አልነበረም፤ ኢትዮጵያም ቀድሞ በመንገዱ ግራ ትነዳ ነበር፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው ወደ ቀኝ የተዛወረችው። በአንዲት ሌሊት የአገር ሁሉ መኪና ወገኑን መለወጡ፣ ከፋብሪካ ከሚወጣው የንድፍ ለውጥ ሁሉ የሚበልጥ ለውጥ ነበረ፤ ግን ማንም እንደ ትርኢት አያነሣውም። ሁለቱ መንግሥታት ኅዳር 2013 ዓ.ም. የመረቁት የጋራ ድንበር ኬላ ለመንገደኛው ወረቀቱን ያቀለለት ሲሆን፣ የመሪው ነገር ግን እንደ ተለያየ ቀርቷል፤ የዲኤክስና የፕሮቦክስ ዘመዳሞች ፊት ለፊት እየተያዩ አንዱ የሌላውን አገር ሰሌዳ ሊለብስ አይችልም።

አንባቢ ሆይ፣ ንድፍን ለአገር መንገድ ማስማማት የድኻ ሰፈር ብልሃት ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ የላዳን ታሪክ ልንገረው። ኮሮላ በወጣችበት በዚያው በ1966፣ ጣልያኖች ፊያት 124 የተባለችውን አወጡ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተሸለመች። ሶቪየቶች ይህችኑ መኪና በቶሊያቲ ከተማ ለመሥራት ውል ገቡ፤ ነገር ግን ሽልማቷን አይተው ዝም አላሉም፤ ወደ ራሳቸው መንገድ አውጥተው ፈተኗት፤ አካሏም ተሰነጠቀ፤ የኋላ ጎማዋ ፍሬንም ጭቃውን አልቻለውም። ኋላ ላዳ የተባለችው ይህች መኪና በ1970 ስትወጣ ከ800 በላይ ነገር ተለውጦባት ነበር፤ ላሜራዋ ወፈረ፣ ከመሬት ከፍ አለች፣ የኋላው ፍሬን በከበሮ ተተካ፣ ሞተሯ ሌላ ሆነ፣ ባትሪው በብርድ ሲደክምም በእጅ የምትነሣበት ማዞሪያ ተጨመረላት። መልኳ ግን ያው የፊያት መልክ ነበረ። አዲስ አበባ በሰማያዊና ነጭ ቀለም ቀብታ ስንት ዓመት የተሳፈረችባት ላዳ እንግዲህ፣ ፊቷ ሳይነካ አጥንቷ የታደሰላት መኪና ናት። እንዲህ ያለው መታደስ ነው ለእኔ መታደስ የሚባለው፤ ሌላው ጣሪያው የሚያፈስስ ቤተ ክርስቲያን ያለው ደብር ገንዘብ አዋጥቶ በሩን ቀለም ሲቀባ እንደማየት ነው።

ነገሬን ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዳላዘነብል፣ መካኒኩ ወዳጄ የማይወደውን አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። ዲኤክስ ከዛፍ ጋር ብትጋጭ ብረቷ ጠንክሮ ሊቆም ይችላል፤ በውስጧ ያለው ሰው ግን የብረቱን ድርሻ ይቀበላል። አዲሶቹ መኪኖች ፊታቸው ቶሎ የሚጨማደደው ርካሽ ስለሆኑ አይደለም፤ የግጭቱን ኃይል ብረቱ እንዲበላው፣ ሥጋው እንዲተርፍ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ የሚነፋው የአየር ከረጢትም እንዲሁ። ይህን የመሰለው መታደስ ከዓይን የተሰወረ ትሩፋት ስለ ሆነ እጅ ነሥቼ እቀበለዋለሁ፤ ወደ ዲኤክስ ዘመን እንመለስ የሚልም ካለ ልጆቹን በእርሷ ኋላ ወንበር አስቀምጦ ረጅም መንገድ ከመሄዱ በፊት ደግሞ ያስብበት። ቅር የሚለኝ የአየር ማቀዝቀዣውንና የሬዲዮውን ቁልፍ አጥፍተው ሁሉን በጣት በሚነካ መስታወት ላይ ማድረጋቸው ነው፤ መስታወቱ አቧራና ፀሐይ ሲያገኘው ምን እንደሚታይበት የቦሪ ሾፌር ያውቃል። ምንም አይታይበትም።

አሁን ደግሞ በአገራችን የተለየ ዘመን መጥቷል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄድ ካልሆነ በቀር የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ማገዱን ካስታወቀ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ከቻይና የመጡ የኤሌክትሪክ የቤተ ሰብ መኪኖች በዝተዋል፤ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ፣ መብራት ግን ከገዛ ወንዙ ለሚያመነጭ አገር ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኔም አልቃወምም። ግን የእነዚህ መኪኖች ባትሪ፣ ከሌላው ክፍላቸው ሁሉ ዋጋው የሚበልጠው፣ ከወለላቸው ሥር ተዘርግቶ የተኛ ነው። የሻይ ቤቱ ልጅ «ሆዷ እዚሁ ይቀራል» ያለው በቤንዚን በምትሄደው ላይ ቢደርስ የሚቀረው ጭስ ማውጫዋ ነው፤ በኤሌክትሪክ በምትሄደው ላይ ቢደርስ ግን የሚቀረው ዋናው ሀብቷ ነው። ከሞያሌ እስከ አዲስ አበባ ባለው ረጅም መንገድ ላይም ባትሪ መሙያ ከተማ ወዳድ ነገር ነው፤ ፕሮቦክስ ግን ቤንዚኑን በጄሪካን ተሸክሞ ይሄዳል።

ስለዚህ በኢትዮጵያ ውስጥ እነዚህን መኪኖች ለሚገጣጥሙትና ለሚያስገቡት ሁሉ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሶቪየቶች በፊያት ላይ ያደረጉትን እናንተም አድርጉት፤ አዲሱን ናሙና በአዲስ አበባ ሆቴል ግቢ በአበባ አጅባችሁ ከማቆማችሁ በፊት፣ በቦረና ትልቁ ዝናብ በሚጥልበት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ፣ በደረቁ ወራት ደግሞ ሌላ ጊዜ፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ በሞያሌ ዙሪያ ባሉት መንደሮች እንዲሄድ አድርጉት፤ ዘጠኝ ሰው ጫኑበት፤ በፊተኛው ወንበር አንዲት አሮጊት አስቀምጡ። ሲመለስ ሥሩን ገልብጣችሁ ተመልከቱና የተቧጨረውን ቈጥራችሁ ወደ ሠሪዎቹ ጻፉላቸው።